ትከሻው ሦስቴ ለወለቀ የእህቴ ልጅ

«አጎቴ፣ ለማርቹ ውድድር እደርሳለሁ ወይስ አልደርስም? አሳጥረህ ንገረኝ» ብለህ ጽፈህልኛል። አጭሩ መልስ «አትጫወት» ነው። አጭር መልስ ግን የሃያ ዓመት የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ተጫዋች እንደማያሳምን አውቃለሁና ቁጥር እየሰጠሁ ዘርዘር አድርጌ እጽፍልሃለሁ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በፊዚዮቴራፒ ክፍል ውስጥ፣ የሰው ትከሻና ጉልበት ሳሠራ ነው። ሐኪምህ ግን አይደለሁም፤ ኤምአርአይህንም አላየሁም። ይህን የምጽፈው ቀዶ ሐኪሙ ጋ ስትገባ የምትጠይቀውን አውቀህ እንድትገባ ነው። ወሩንም ዓመቱንም በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርጌልሃለሁ፤ ጳጉሜን ስትቆጥር እንዳትውል።

1. በመጀመሪያ የወለቀው ምን እንደሆነ እወቅ። ከትልልቆቹ መገጣጠሚያዎች ሁሉ እንደ ልብ የሚዞረው ትከሻ ነው፤ በብዛት የሚወልቀውም እሱ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ነው። የክንድህ አጥንት ራስ ክብና ትልቅ ነው፤ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ደግሞ ትንሽና ጠፍጣፋ። ብርቱካን በስኒ ማስቀመጫ ላይ የተቀመጠ አድርገህ አስበው። እንዳይንከባለል የሚይዙት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የጎድጓዳውን ጠርዝ ዙሪያውን የከበበው ላብረም የሚባለው ጠንካራ ቀለበት፣ ከእሱ ጋር የተያያዙት ጅማቶች፣ ዙሪያውን ሆነው ወደ ውስጥ የሚስቡት አራት ጡንቻዎች።

ክንድህ ከራስህ በላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ የአጥንቱ ራስ ወደ ፊትና ወደ ታች ይሾልካል። ከመቶ የትከሻ ውልቃት ዘጠና አምስቱ ያህል በዚህ አቅጣጫ የሚወጣ ነው፤ ያንተም ሦስቱም እንደዚሁ ናቸው። ሲወጣ የፊቱን ላብረም ከአጥንቱ ይገነጥለዋል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ባንካርት ይህን በ1923 ጽፎ ጉዳቱ በስሙ ይጠራል። የወጣው ራስ ጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ሲጋጭ ደግሞ ጀርባው ይሰረጉዳል፤ ይህን በ1940 የገለጹት ሂልና ሳክስ የሚባሉ የሳን ፍራንሲስኮ የራጅ ሐኪሞች ናቸው። ውጤትህን ስትቀበል እነዚህን ስሞች ፈልጋቸው። ሁለቱም ተጽፈው ካገኘህ አትደንግጥ፤ ሦስቴ በወለቀ ትከሻ ላይ ባይገኙ ነው የሚገርመው።

2. ስላላመመህ ድኛለሁ አትበል። የላክልኝን ቪዲዮ አየሁት። ብቻህን ሜዳ ላይ ቆመህ ከሦስት ነጥብ መስመር ትወረውራለህ፣ ኳሱም ይገባል፤ ከዚያ ወደ ካሜራው ዞረህ «ምንም የለኝም» ትላለህ። የወለቀው ግራህ ነው፤ የምትወረውረው በቀኝህ ነው። ግራ እጅህ ኳሱን ደገፍ አድርጎ ፊትህ አጠገብ ይለቀውና ሥራው ያልቃል። ትከሻህ የሚፈተነው እዚያ ላይ አይደለም። ሁለት እጅህን ሰቅለህ ሪባውንድ ስትሻማ መቶ ኪሎ የሚመዝን ልጅ ክርንህን ይዞ ሲወርድ ነው። ስክሪን ለማለፍ ግራ ክንድህን ስታስቀድም ነው። ወደ ውጭ የሚያመልጥ ኳስ ለማዳን ተወርውረህ በእጅህ ስታርፍ ነው። ይህን ቪዲዮ ላይ አላየሁም።

ሐኪሙ የሚያደርግልህን ምርመራ ልንገርህ። በጀርባህ ያስተኛሃል። ክንድህን ወደ ጎን ዘጠና ዲግሪ ይከፍተዋል፣ ክርንህን ያጥፈዋል፣ ከዚያ መዳፍህን ቀስ እያለ ወደ ራስህ አቅጣጫ ወደ ኋላ ይወስደዋል። የሚጠብቀው «አመመኝ» እንድትል አይደለም፤ የሚያየው ፊትህን ነው። ላብረሙ የተገነጠለ ሰው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቅንድቡ ይሰበሰባል፣ አንገቱ ይገተራል፣ ጤነኛው እጁ ሳያስበው ተነሥቶ የሐኪሙን ክንድ ይይዛል። «ያምሃል?» ሲባል ብዙዎቹ «አያምም፤ ሊወጣ ነው እንጂ» ይላሉ። ሐኪሙ የክንዱን ራስ በመዳፉ ከፊት ወደ ኋላ ገፋ ሲያደርግለት ፊቱ ወዲያው ይፈታል። ይህ ምርመራ ላይ ፊትህ ከተለወጠ ጨዋታ የለም፤ የፈለገውን ያህል ብትወረውርና ብታገባ።

3. ቁጥሩን አትፍራው። «የኔ ይለያል» የማይል ተጫዋች አላየሁም፤ ቁጥር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

በዌስት ፖይንት ወታደራዊ አካዳሚ ትከሻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የወለቀ ወጣቶችን የተከታተለ ጥናት በ1994 ታትሟል። ያለ ቀዶ ጥገና ከታከሙት 15 ልጆች 12ቱ ተመልሶ ችግር ገጠማቸው፤ ላብረማቸው ከተሰፋላቸው 21 ግን 3ቱ ብቻ። ልብ በል፤ እነዚህ አንዴ ብቻ የወለቀባቸው ናቸው። ያንተ ሦስት ነው።

ይበልጥ አንተን የሚመለከተው በ2014 የወጣው ነው። በአሜሪካ ወታደራዊ አካዳሚዎች የሚጫወቱ፣ በውድድር ዘመን መካከል ትከሻቸው የወለቀ ወይም ሾልኮ የተመለሰ 45 የኮሌጅ ስፖርተኞችን ተከታተሉ። 33ቱ በዚያው ዓመት ወደ ሜዳ ተመለሱ፤ ግማሾቹ በአምስት ቀን ውስጥ። አሰልጣኝህ «ልጆች ይመለሳሉ» ሲልህ አልዋሸም ማለት ነው። ግን ከ45ቱ ዳግመኛ ሳይወልቅባቸው የውድድር ዘመኑን የጨረሱት 12 ብቻ ናቸው። ያው ቡድን በ2017 ቀጣዩን ዓመት አወጣ፤ በዕረፍቱ ወራት ቀዶ ጥገና ካደረጉት 29 ሰዎች 26ቱ፣ ካላደረጉት 10 ሰዎች ደግሞ 4ቱ ብቻ ቀጣዩን የውድድር ዘመን ያለ ችግር ተጫወቱ። በኔ በኩል፣ ሌላ ምንም ወረቀት ሳላነብ ይህ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

4. የቀን መቁጠሪያውን በደንብ አንብበው። በዚህ ላይ ጓደኞችህ ያሳሳቱህ ይመስለኛል።

«ዓመቱ ተበልቷል፣ ምን አጣለሁ?» ብለሃል። ግማሹ እውነት ነው። ሬድሸርት የምትሉት፣ ጉዳት የበላውን ዓመት መልሶ የሚሰጠው ደንብ፣ ጉዳቱ በውድድር ዘመኑ የመጀመሪያ አጋማሽ እንዲደርስና ከጨዋታዎቹ ከ30 በመቶ በላይ እንዳትጫወት ይጠይቃል። አንተ እስከ ፌብሩዋሪ ስለተጫወትክ ያ በር ተዘግቷል። (የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ደንቡን ቶሎ ቶሎ ስለሚለውጥ የኮሌጅህን ኮምፕሊያንስ ቢሮ ጠይቀህ አረጋግጥ።) ሌላም እውነት አለህ፤ ዛሬም ብትሰፋው፣ ከውድድሩ በኋላ ኤፕሪል ላይም ብትሰፋው፣ አምስትና ስድስት ወር ቆጥረህ ለኖቬምበሩ መክፈቻ ትደርሳለህ። እንግዲያውስ ጊዜ ካላጣሁ ሦስት ሳምንት ብጫወት ምን አለበት? ይህን ነው የምትለው።

የምታጣው አጥንት ነው። ትከሻ በወለቀ ቁጥር የጎድጓዳው የፊት ጠርዝ ይፈገፈጋል፣ አንዳንዴም ስባሪ ይነሣለታል፤ የክንዱ ራስ ስርጉድም ይጠልቃል። ላብረም ይሰፋል፤ አጥንት ግን በክር አይሰፋም። በርክሃርትና ዴ ቢር የሚባሉ ሐኪሞች በ2000 ያወጡትን ተመልከት፤ በቀዳዳ በሚገባ ካሜራ ላብረማቸው ከተሰፋላቸው ሰዎች መካከል አጥንታቸው ብዙም ያልተጎዳው ላይ ተመልሶ የወለቀው በ4 በመቶው ነው። ብዙ አጥንት ያጡት ላይ ግን በ67 በመቶው ተመልሷል። ቀዶ ጥገናው ያው ነው፣ ሐኪሞቹም እነዚያው ናቸው። ልዩነቱ በሽተኛው ጠረጴዛው ላይ ከመውጣቱ በፊት ምን ያህል አጥንት እንዳለቀ ነው። ስለዚህ በማርች አንድ ምሽት አራተኛ ጊዜ ቢወልቅ የምታጣው የዚያን ምሽት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ትንሹን ቀዶ ጥገና አጥተህ ወደ ትልቁ ልትገባ ትችላለህ።

ይህን ከኔ ይልቅ በኤንቢኤ ታያለህ። ድዌይን ዌድ በ2006 ማያሚን ሻምፒዮን አድርጎ የፍጻሜው ኮከብ ተባለ። በፌብሩዋሪ 2007 ሂውስተን ላይ ግራ ትከሻው ወለቀ። ቀዶ ጥገናውን ትቶ ማገገሚያውን መረጠ፣ ኤፕሪል ላይ ተመለሰ፣ ቡድኑ በመጀመሪያው ዙር በቺካጎ 4 ለ 0 ተሸንፎ ወጣ፤ ሜይ ላይ ትከሻው ላይም ጉልበቱ ላይም ቀዶ ጥገና ተደረገለት። አዲሱ የውድድር ዘመን ሲከፈት ገና አልደረሰም ነበር። ጁሊየስ ራንድልም በጃንዋሪ 2024 ከማያሚ ጋር ሲጫወት ቀኝ ትከሻው ወልቆ ሁለት ወር ያህል በማገገም ሊመለስ ታገለ፤ ኤፕሪል ላይ ያው ቢላዋ ጠበቀው። ኬቪን ላቭ ግን በኤፕሪል 2015 ቦስተን ላይ ኦሊኒክ ክንዱን ጎትቶ ሲያወልቀው ወዲያው ነው ቀዶ ጥገና የተደረገለት። ያ ፕሌይኦፍ አመለጠው፣ ቡድኑም ፍጻሜውን ያለ እሱ ተሸነፈ። ኦክቶበር ላይ ለመክፈቻው ጨዋታ ተሰለፈ፤ በጁን 2016 ክሊቭላንድ ዋንጫውን ሲያነሣ ሜዳ ውስጥ ነበር። የኔ ልብ ወደ ማን እንደሚያደላ ገብቶሃል።

5. «ላሞንት በትለርስ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ ፎቶው ስልክህ ላይ ነበር። በትለር በ2025 ለኬንታኪ ሲጫወት ግራ ትከሻው ደጋግሞ ተጎዳ፤ ወጣ፣ ተመለሰ፣ በኮንፈረንሱ ውድድር እንደገና ተጎዳ፣ ከዚያም ትከሻውን አስሮ ለማርቹ ውድድር ገባና ቡድኑ አሥራ ስድስቱ ውስጥ ደረሰ። ያደረገው አያስቆጣኝም። የመጨረሻው የኮሌጅ ዓመቱ ነበር፤ ሌላ ማርች አልነበረውም። ሰው ሁሉን አውቆ፣ ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ፣ የመጨረሻ ዕድሉን በትከሻው ሊገዛ ይችላል፤ አዋቂ ሰው ነው። አንተ ግን ሁለተኛ ዓመት ነህ። ሁለት ማርች ቀርቶሃል።

ስለ ማሰሪያውም ካነሣን፣ ብሬሱ ክንድህ ከትከሻ በላይ እንዳይነሣ በመከልከል ነው የሚሠራው። ለሪባውንድ ደግሞ ክንድ ካልተነሣ ምን ዋጋ አለው? ብዙዎች ላላ አድርገው ያስሩትና ለስሙ ይለብሱታል።

6. ይሉኝታን ከሜዳው አውጣ። የጻፍከውን ሁለቴ አነበብኩት፤ «አሰልጣኙ ፊት ማየት አልቻልኩም»፣ «ልጆቹ ምን ይሉኛል»፣ «ስኮላርሺፕ እየበላሁ ቁጭ ማለት»። ይህ የቤታችን ነገር ነው፤ እናትህም እንግዳ መጥቶባት በትኩሳት ቡና ታፈላለች። ነገር ግን አንተ ያለህበት ቦታ ደንብ አለው። በኤንሲኤኤ ደንብ ተጫዋች መቼ እንደሚመለስ የሚወስኑት ሐኪሙና አትሌቲክ ትሬነሩ ናቸው፤ አሰልጣኝ ይህን መሻር አይችልም። አሰልጣኝህ መልካም ሰው ይመስለኛል፤ ሆኖም የሱ ሥራ በማርች ማሸነፍ ነው፣ ያንተ ትከሻ ደግሞ በአርባ ዓመትህ ልጅህን ትከሻህ ላይ የምታወጣበት ነው። «ሐኪሙ አልፈቀደልኝም» ብለህ ብትቀመጥ ማንም ሰነፍ አይልህም። ሐኪሙ ፊትም «ደህና ነኝ» እያልክ አትሸፋፍን፤ የምርመራ ክፍል ውስጥ ጀግንነት የሚጎዳው ራስህን ብቻ ነው።

ቡድኑ የመረጠው ሐኪም ብቻ ሳይሆን ሌላ የትከሻ ሐኪም ምስሎቹን እንዲያይልህ መጠየቅ መብትህ ነው። ምስሎቹን በሲዲ አስገልብጠህ ያዝ።

7. ሐኪሙን እነዚህን ጠይቅ። በሲቲ ስካን የተለካ የአጥንት ጉድለት ስንት በመቶ ነው? ብዙ ሐኪሞች የቆየውን ከ20 እስከ 25 በመቶ ያለውን ወሰን ይጠቀማሉ፤ በ2015 የወጣ ጥናት ደግሞ ከ13.5 በመቶ ጀምሮ ውጤቱ እንደሚበላሽ አሳይቷል፤ አንተ የትኛው ጋ እንዳለህ በቁጥር ይንገርህ። የክንዱ ራስ ስርጉድ ክንዴን ስከፍት ጎድጓዳው ጠርዝ ላይ ይጠመዳል ወይስ አይደርስም? ላብረሙን መስፋት ይበቃኛል ወይስ ላታርዤ ያስፈልገኛል? ላታርዤ በ1954 አንድ የሊዮን ከተማ ሐኪም ያወጣው ሲሆን ከትከሻ ፊት ወጣ ያለችውን ትንሽ አጥንት ከነጡንቻዋ ቆርጦ፣ ባለቀው ጠርዝ ላይ በብሎን ማሰር ነው። ጠንካራ ቀዶ ጥገና ነው፤ ግን ከብሎንና ከነርቭ ጋር የተያያዘ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሰው ሳያስፈልገው የሚገባበት አይደለም። በመጨረሻም «በዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ትሠራለህ?» በለው። አይቀየምህም። ከተቀየመህ ሌላ ፈልግ።

8. ስለ ወጌሻው። እናትህ «አገር ቤት ብንሆን ወጌሻ አንዴ ቢይዘው ያበቃ ነበር» ማለቷን ሰምቻለሁ። አልሳቅኩባትም። ወጌሻ የወለቀ ትከሻ ይመልሳል፤ አባቴም አንዱ ዘንድ ሄዶ በእጁ ተጠቅሟል። ነገር ግን ያንተ ትከሻ ተመልሷል፤ ችግሩ ተመልሶ አለመቆየቱ ነው። የተገነጠለ ላብረም በቅቤ ታሽቶ አጥንቱ ላይ አይጣበቅም። መጎተትና መዘርጋት ደግሞ የላላውን የበለጠ ያላላዋል። በጥብቅ የታሰረ ክንድ ደም አጥቶ ሲሞት የአገራችን ሆስፒታሎች ደጋግመው አይተዋል፤ ለዚህ ያንተን እጅ አልሰጥም። እናትህ ትከሻህን ልታሽልህ ከፈለገች ቀኙን ስጣት።

(ተደጋጋሚ ውልቃት አዲስ ነገር እንዳይመስልህ። ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ሂፖክራጥስ ተመልሶ ለሚወልቅ ትከሻ ብብቱ ሥር በጋለ ብረት እንዲተኮስ ጽፏል፤ ጠባሳው ጠንክሮ አጥንቱን እንዲይዘው። እኛም አገር የሚተኩሱ አሉ። የሐኪሙ ክርና መርፌ ሲያስፈራህ ይህን አስብ።)

9. እንደገና ቢወልቅ ራስህ አትመልሰው። ሁለተኛውን ጊዜ መልበሻ ክፍል ውስጥ ግድግዳ ተደግፈህ ራስህ እንደመለስከው ነግረኸኛል፤ በኩራት ነው የነገርከኝ። በዚያ ቦታ በክንድህ አጠገብ የምታልፍ ነርቭ አለች፤ የትከሻህን ትልቁን ጡንቻ የምታንቀሳቅሰው እሷ ናት። ከመመለሱ በፊትም በኋላም የላይኛው ክንድህ ውጫዊ ቆዳ መደንዘዝ አለመደንዘዙ መታየት አለበት። የተሰበረ ነገር ካለ ደግሞ ስትገፋው ታባብሰዋለህ። ትሬነሩን ጥራ፤ ክንድህን እንዳለ ደግፈህ ያዝ፤ ወደ ራጅ ሂድ።

10. የሕመም መርፌ ተወግተህ ሜዳ አትግባ። ሕመም የቀረልህ ጠባቂ ነው።

11. ከቀዶ ጥገናው በኋላ የሚመጣው አሰልቺ ነው፤ ተዘጋጅ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ክንድህ ማንጠልጠያ ውስጥ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ጠፍጣፋ አልጋ ላይ አትተኛም፤ ሶፋ ላይ ትራስ ደርድረህ ግማሽ ተቀምጠህ ነው የምታድረው፤ ክርንህ ወደ ኋላ እንዳይወድቅ ሥሩ ትንሽ ትራስ አድርግ። ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ ግዛ፤ ቲሸርት ልታጠልቅ ስትታገል የተሰፋውን ታስቀይመዋለህ። ሸሚዝ ስትለብስ የታመመውን እጅ አስቀድም፣ ስታወልቅ ግን በስተመጨረሻ። ሲፈቀድልህ ጎንበስ ብለህ ክንድህን አንጠልጥለህ ማወዛወዝ ትጀምራለህ፤ የመጀመሪያው ሥራህ ይኸው ብቻ ነው፣ ታፍርበትም ይሆናል። እንጀራህን በቀኝህ ስለምትበላ አትራብም፤ ብትራብም እናትህ ጉርሻ አታጣልህም።

ከዚያ ክንዱ ሳይሆን የትከሻ ምላጭህ ነው የሚሠራው። ብዙ ልጆች ደረታቸውን በከባድ ብረት ማሠራት ይወዳሉ፤ ፊት ፊቱ እየጠነከረ ኋላው ይቀራል። አንተ ኋላውን አሠራ፤ ላስቲክ ይዘህ ወደ ውጭ ማዞር፣ ክርን አጥፎ ወደ ኋላ መሳብ፣ በሆድህ ተኝተህ ክንድህን ማንሣት። ክብደቱ ትንሽ ነው፤ ድግግሞሹ ነው ሥራው። አራተኛው ወር ላይ «ድኛለሁ» የምትልበት ቀን ይመጣል። ያቺ ቀን አደገኛ ናት፤ የተሰፋው ላብረም ያንተን ስሜት አይሰማም። የጁላይ የኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ሲደርስ ጓደኞችህ «አምስት ለአምስት ነው፣ ና» ይሉሃል። ዳር ቆመህ አጨብጭብላቸው።

12. መመለስህን ቀን ሳይሆን ፈተና ይወስነው። «ስድስት ወር ሞላ» ብሎ የሚለቅህ ካለ «ለካኝ» በለው። የግራ ትከሻህ ጉልበት በመሣሪያ ሲለካ ከቀኝህ ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ ዘጠና በመቶ ይድረስ። ክንድህ ወደ ውጭ የሚዞርበት መጠን ይለካ፤ ጥቂት ዲግሪ ልትቀንስ ትችላለህ፣ ለወርዋሪ ቤዝቦል ተጫዋች ከባድ ነው፣ ላንተ ግራ እጅ ግን ትኖርበታለህ። ፑሽአፕ በሚሠራበት አቋም ሆነህ 91 ሴንቲሜትር በሚራራቁ ሁለት መስመሮች መካከል በ15 ሴኮንድ ስንት ጊዜ እጅህን እያሻገርክ እንደምትነካ ይቆጠርልህ። እሱንም ካለፍክ የፊቱን ምርመራ ሐኪሙ ይድገምልህ፤ ፊትህ ሳይለወጥ ክንድህ ወደ ኋላ ከሄደ ነው የምትለቀቀው። ከዚያም በሙሉ ግጥሚያ አይጀመርም፤ መጀመሪያ ያለ ንክኪ፣ ቀጥሎ ትራስ ይዞ ከሚገፋህ ትሬነር ጋር፣ ቀጥሎ በልምምድ፣ በመጨረሻ በጨዋታ።

ፍርሃቱ ከጉልበቱ በኋላ ቢቀር አትገረም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሪባውንድ ስትዘል ግራህን ትሰበስባለህ። ይህን ለትሬነሩ ንገረው፤ ለዚያም ልምምድ አለው።

13. ወረቀቱን አትናቅ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ የዲቪዥን አንድ ኮሌጆች ለእነሱ ስትጫወት ለደረሰብህ ጉዳት ከኮሌጅ ከወጣህ በኋላም ቢያንስ ሁለት ዓመት ሕክምናህን የመሸፈን ግዴታ አለባቸው። ይህ የሚጠቅምህ ጉዳቱ ሁሉ በመዝገብ ካለ ነው። መልበሻ ክፍል ውስጥ ራስህ የመለስከው ውልቃት የተመዘገበበት ቦታ የለም፤ አሁኑኑ ለትሬነሩ ተናገርና ቀኑን ያስገባልህ። በስምህና በምስልህ የፈረምከው የገንዘብ ውል ካለም «ተጫዋቹ ከተጎዳ» የሚለውን አንቀጽ አምጣልኝ፤ አብረን እናንብበው።

ትምህርቱን ደግሞ ስለማትጠላው ብዙ አልልህም። ከኮሌጅ ተጫዋቾች ኤንቢኤ የሚደርሱት ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። አንተ ከመቶ አንዱ ልትሆን ትችላለህ። ያም ቢሆን ቀዶ ጥገናው በሚውልበት ሳምንት የሚያልፉህን ፈተናዎች ለመምህሮችህ አስቀድመህ ጻፍላቸው።

14. ሦስተኛውን ጊዜ እናትህ አታውቅም። የፌብሩዋሪውን ጨዋታ በስልኳ ልታየው ሞክራ ኔትወርክ አስቸግሯት ነበር፤ አንተም «ትንሽ ወለምታ ነው» ብለሃታል። ማክሰኞ ሐኪሙ ዘንድ ስትገባ የመድን ወረቀቱ እቤት ይመጣል፤ የምትከፍተው እሷ ናት። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ደውልላት። መጀመሪያ ትጮኻለች፣ ቀጥላ ታለቅሳለች፣ ከዚያ የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ጠይቃ ፈቃድ ለመውሰድ ለአለቃዋ ትደውላለች። እስከ እሁድ ማታ ካልደወልክላት እኔ እነግራታለሁ፤ ከኔ ከሰማች ደግሞ ሁለታችንንም አትምረንም።